መንጠቆው የት ያርፋል?
ለመስኪ ዓሣ በሕያው ማባበያ የሚሆኑትን መንጠቆ፣ ማጠንጠኛና ዘንግ ስለ መምረጥ



በዚህ በሚኒሶታ ግዛት ከምንማረው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መካከል ጥቂቶቻችን ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐይቅ የመውረድ ልማድ ካበጀን እነሆ ሦስት ዓመት ሆነን። ከዚህም የተነሣ በምግብ ቤትም፣ በቤተ መጻሕፍት በርም የሚያገኘን ጓደኛ ሁሉ «መስኪ ለማጥመድ ምን ዓይነት ዘንግ ልግዛ?» እያለ ይጠይቀናል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ይልቅ የተማርነውን በአንድነት ጽፈን ብናቀርብ ይሻላል ብለን ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ይመስለናል። ዘንግ በመጨረሻ የሚመረጥ ዕቃ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «መንጠቆው በዓሣው አፍ ውስጥ የት እንዲያርፍ እንፈልጋለን?» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ያገኘ ሰው መንጠቆውን ይመርጣል፤ መንጠቆው ሽቦውንና ክሩን፣ ክሩ ማጠንጠኛውን፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ዘንጉን ይመርጡለታል። እኛ ይህን ያወቅነው ካጠፋን በኋላ ነው። ጥፋታችንንም ሳንደብቅ በቦታው እንተርከዋለን።

(በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ዓሣው ጥቂት

መስኪ፣ በሙሉ ስሙ መስከለንጅ፣ ጨው በሌለው ውኃ የሚኖር የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። የተፈጥሮ አገሩ በታላላቆቹ ሐይቆች፣ በሴንት ሎረንስ፣ በኦሃዮና በላይኛው ሚሲሲፒ ወንዞች ተፋሰስ ነው። ስሙ የመጣው በእነዚህ ሐይቆች ዳር ከጥንት ጀምሮ ከሚኖረው ከኦጂብዌ ሕዝብ ቋንቋ ነው። ፓይክ ከሚባለው ዓሣ ጋር የቅርብ ዘመድ ሲሆን ሰውነቱ እንደ ግንድ የረዘመ፣ አፉም እንደ ዳክዬ አፍ ጠፍጣፋ ነው። የጎረቤታችን የዊስኮንሲን ግዛት በ1955 ዓ.ም. መስኪን የግዛቱ ዓሣ ብሎ በሕግ ሰይሞታል። በሚኒሶታ ደግሞ በ2021 ዓ.ም. ከሚል ላክስ ሐይቅ የወጣችው መስኪ 55 ፓውንድ ከ14.8 አውንስ፣ ማለት ከ25 ኪሎ በላይ መዝና ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየውን የ54 ፓውንድ ክብረ ወሰን ሰብራለች።

አጥማጆች መስኪን «የ10,000 ውርወራ ዓሣ» ይሉታል። ቁጥሩ የተለካ አይደለም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ወርውሮ አንድም ሳያይ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው ብዙ መሆኑን ይነግረናል። እንደዚህ ብርቅ የሆነበትም ምክንያት አለው። በምግብ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለ አዳኝ ስለ ሆነ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ቁጥሩ ሁልጊዜ ጥቂት ነው። እድገቱም ጊዜ ይፈልጋል። በሰሜኑ ቀዝቃዛ ውኃ አንዲት መስኪ 50 ኢንች፣ ማለት 1 ሜትር ከ27 ሳንቲ ሜትር ለመድረስ ብዙውን ጊዜ 15 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። ትልልቆቹም ሴቶቹ ናቸው። እንግዲህ ከመካከላችን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆነ ሰው አንዲት ትልቅ መስኪ ቢይዝ የያዘው እኩያውን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ አገር መስኪን የሚያጠምዱ ሰዎች አብዛኛዎቹ ይዘው፣ ለክተው፣ መልሰው ወደ ውኃው ይለቁታል። ይህን ልማድ በማስፋፋት ረገድ በ1966 ዓ.ም. እዚሁ ሚኒሶታ የተመሠረተው መስኪስ ኢንኮርፖሬትድ የተባለው የአጥማጆች ማኅበር ታላቅ ድርሻ አለው።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነውን ልማድ መመርመር ያስፈልጋል። ከመካከላችን በሐዋሳና በጣና ዳር ያደጉ አሉ። በሸምበቆ ጫፍ ክር አሥረው፣ ትል ሰክተው ቆሮሶና አምባዛ ሲያወጡ ኖረዋል። እዚያ ዓሣው መንጠቆውን በከንፈሩ ቢይዘውም፣ እስከ ሆዱ ቢውጠውም ልዩነት የለውም፤ ምሳ ነውና። እንዲያውም የዋጠ ዓሣ አያመልጥም ተብሎ ይመረጣል። እዚህ ግን ዓሣው ተመልሶ ሊኖር ነው የሚለቀቀው። ስለዚህ የመንጠቆው ማረፊያ ከንፈር ይሁን ወይስ ጨጓራ የሚለው ነገር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል።

መስኪ እንዴት እንደሚበላ

የመስኪ የታች መንጋጋ በትልልቅ ስለታም ጥርሶች የታጠረ ነው። በላይኛው ላንቃ ላይ ደግሞ ጫፋቸው ወደ ጉሮሮው ያዘነበለ እጅግ ብዙ ትንንሽ ጥርሶች አሉ። የገባው ነገር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ እንዳይሄድ ናቸው።

አደኑም ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ዓሣውን ከጎኑ ወገቡ ላይ ይነክሰዋል፤ ውሻ አጥንት አግድሞ እንደሚይዘው ነው። በሁለተኛ ደረጃ ያዞረውና ከራሱ በኩል ይውጠዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ማባበያው ላይ ያለው መንጠቆ በመንጋጋውና በአፉ ጥግ አጠገብ ይገኛል። በሁለተኛው ደረጃ መንጠቆው ከማባበያው ጋር ጨጓራው ውስጥ ይገባል። የመሣሪያው ምርጫ ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ የምንስበው በየትኛው ደረጃ ነው?

ያጠፋነው ጥፋት

የመጀመሪያው ዓመት መስኪን በሕያው ማባበያ ለማጥመድ ስንነሣ አንድ ዕቃ ሻጭ ትልቅ ነጠላ መንጠቆ ሰጠንና በዓሣው አፍንጫ ላይ እንድንሰካው ነገረን። መስኪው ሲነክስ ግማሽ ሰዓት እንድንታገሥ፣ እስኪውጠው ድረስ ክሩን እንድንለቅለትም መከረን። ይህ ቀድሞ በሰፊው የተሠራበት ዘዴ ነው። እኛም እንደ ታዘዝነው አደረግን። ሰዓታችንን እያየን 30 ደቂቃ ቆጠርን፤ ሳብን፤ 38 ኢንች የሆነች መስኪ ወጣች። አፏን ስንከፍት መንጠቆው አይታይም። ሽቦው ብቻ ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳል። ሽቦውን አጠገቡ ቆርጠን ለቀቅናት፤ ጅራቷን መታ አድርጋ ወደ ጥልቁ ስትገባ አጨበጨብን። በዚያ ምሽት ፎቶግራፏን ለስንቱ እንዳሳየን እግዚአብሔር ይወቀው።

በማግሥቱ ረፋድ ወደዚያው ሐይቅ ስንመለስ ነፋሱ ወደ ዳር ባመጣው ሣር መካከል ሆዷ ወደ ላይ ዞሮ አገኘናት። የኛ ለመሆኗ ምስክር አላስፈለገም፤ የቆረጥነው ሽቦ ጫፉ ከአፏ ወጥቶ ነበር። ከመካከላችን ማንም ብዙ አልተናገረም።

ነገሩ የኛ ክፉ ዕድል ብቻ እንዳልነበረ በኋላ በንባብ ተረዳን። በዊስኮንሲን ይህንኑ የነጠላ መንጠቆና የመታገሥ ዘዴ የመረመረ ጥናት በ2007 ዓ.ም. ታትሟል። በዚህ ዘዴ ተይዘው ከተለቀቁት መስኪዎች በመጀመሪያው ቀን የሞቱት ከአምስት አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። ክትትሉ እስከ አንድ ዓመት ሲቀጥል ግን ከአምስት አራቱ የሚበልጡት ሞተው ተገኙ። ይህን ልብ በሉ፤ «ደኅና ዋኝቶ ሄደ» ማለት «ዳነ» ማለት አይደለም። እኛ ያጨበጨብነው ለሬሳ ነበር።

1ኛ፤ መንጠቆው

እንግዲህ መልሱ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ፣ ማባበያው አፉ ውስጥ አግድም ሳለ መሳብ አለብን። ለዚህ የተሠራው መሣሪያ «ክዊክ ስትራይክ» ይባላል፤ ፈጥኖ የሚይዝ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ጠንካራ ሽቦ ላይ ሁለት ባለ ሦስት ጣት መንጠቆዎች ይታሠራሉ። ከፊት ለፊታቸው የማባበያውን አፍንጫ የሚይዝ ትንሽ መያዣ አለ። ማባበያው የሚሳበው በዚህ መያዣ ነው፤ ስለዚህ ራሱን ወደ ፊት አድርጎ በተፈጥሮው ይዋኛል። ከሁለቱ መንጠቆዎች አንዱ ከጎን ክንፉ በላይ፣ ሁለተኛው ከጀርባ ክንፉ በታችና ወደ ኋላ ባለው ጎን ላይ ይውላል። መስኪው ወገቡን ሲነክስ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ አፉ ውስጥ ይገኛል።

በዚህ ላይ ጀማሪ የሚስተው ነገር አለ። መንጠቆዎቹ በማባበያው ሥጋ ውስጥ መቀበር የለባቸውም። የአንዱ ጣት ጫፍ ብቻ ቆዳውን ትንሽ ይያዝ፤ ወይም በቀጭን ላስቲክ በጎኑ ላይ ይታሠር። የቀሩት ጫፎች ነጻ ሆነው ወደ ውጭ ይመልከቱ። በምንስብበት ጊዜ መንጠቆው ከማባበያው በቀላሉ ተላቆ ወደ መስኪው መንጋጋ መሄድ አለበትና። ሥጋ ውስጥ የተቀበረ መንጠቆ ማባበያውን ብቻ ይዞ ይመጣል። ሽቦውም በመያዣውና በመንጠቆዎቹ መካከል ጥቂት ላላ ይበል፤ ከተወጠረ ማባበያው ተጣሞ ይዋኛል።

ማባበያው ራሱ «ሰከር» የሚባለው ዓሣ ነው። በማባበያ ሱቆች በሕይወቱ ይሸጣል። ለመስኪ ከ12 እስከ 15 ኢንች የሆነው በቂ ነው። ቀዝቃዛና አየር የሚነፋበት ውኃ ውስጥ ካልተቀመጠ እስከ ቀትር አይቆይም። የደከመ ሰከር ደግሞ ማንንም አይጠራም። ጊዜውም የውኃው ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከወረደበት ጀምሮ ሐይቁ በረዶ እስኪይዝ ድረስ ያለው ነው። በዚያ ወራት መስኪ ፈጥኖ የሚያልፈውን ከማሳደድ ይልቅ በቀስታ የሚዋኘውን ትልቅ ጉርሻ ይመርጣል።

2ኛ፤ መሪውና ክሩ

በመንጠቆውና በዋናው ክር መካከል «ሊደር» ወይም መሪ የሚባል ክፍል ይገባል። የመስኪ ጥርስ ተራውን ክር እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ስለዚህ መሪው ወይ ከሽቦ ወይ ከወፍራም ፍሎሮካርቦን ይሠራል። ፍሎሮካርቦን ከሆነ ከ100 እስከ 130 ፓውንድ የሚችል ይሁን። ርዝመቱን ከ2 እስከ 3 ጫማ፣ ማለት ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር እናደርገዋለን፤ መስኪ ሲያዝ ራሱን እያሽከረከረ ክሩን በሰውነቱ ላይ የመጠምጠም ልማድ አለውና።

ዋናው ክር የተጎነጎነና 80 ፓውንድ የሚችል ይሁን። ሰው «ለ20 ፓውንድ ዓሣ የ80 ፓውንድ ክር ለምን?» ይል ይሆናል። ምክንያቱ ሁለት ነው። የተጎነጎነ ክር አይለጠጥም፤ እጃችን የሳበው ሁሉ ሳይቀንስ መንጠቆው ዘንድ ይደርሳል። ሁለተኛም ጠንካራ ክር ትግሉን ያሳጥራል። በቀጭን ክር ብዙ ደቂቃ የታገለ ዓሣ መንጠቆው ከንፈሩ ላይ ቢሆንም እንኳ በድካም ሊሞት ይችላል።

ከመሪው በላይ ከግማሽ እስከ አንድ አውንስ የሚመዝን፣ መካከሉ ላስቲክ የሆነ እርሳስ ይደረጋል፤ ሰከሩን ወደ ታች ይይዘዋል። ከጀልባው ራቅ ላለው ማባበያ ደግሞ ትልቅ ተንሳፋፊ ይጨመራል። ተንሳፋፊው ጥልቀቱን ይወስናል፤ ሰከሩም ከሣሩ ውስጥ ገብቶ እንዳይደበቅ ይከለክለዋል። ቋጠሮ ሁሉ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይርጠብ፤ ቤት ውስጥም በእጅ ተስቦ ይፈተን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።

3ኛ፤ ማጠንጠኛው

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ማጠንጠኛ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠውና መጠቅለያው እንደ በርሜል የሚሽከረከረው ክብ ዓይነት ነው። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊድን አገር የወጣው አምባሳደር የተባለው የዚህ ዓይነት ስመ ጥር ምሳሌ ነው። ሌሎችም ብዙ አሉ። ስሙን ትተን ሦስት ነገር እንፈልግበት።

ሀ) «ክሊከር» ይኑረው። ይህ በጎኑ ላይ ያለ ትንሽ ቁልፍ ነው። ሲከፈት፣ መጠቅለያው ነጻ ሆኖ ሳለ፣ ክር በወጣ ቁጥር «ጠቅ ጠቅ» ይላል፤ ሰከሩም በራሱ ኃይል ክሩን እንዳይጎትት በመጠኑ ይይዘዋል። በሕያው ማባበያ ለሚያጠምድ ሰው ይህ ጆሮው ነው። አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ጊዜ ጠቅ ካለ ሰከሩ እየዋኘ ነው። ድንገት በፍርሃት ሲፈጥን ከሰማን አዳኝ አጠገቡ አለ ማለት ነው። ሳያቋርጥ ሲንጫጫ መስኪው ይዞት እየሄደ ነው። ክሊከር የሌለው ማጠንጠኛ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ለዚህ ሥራ አንመርጠውም።

ለ) ፍሬኑ ጠንካራ ይሁን። መንጠቆውን በምናስይዝበት ጊዜ ፍሬኑ ከተንሸራተተ ኃይላችን በከንቱ ይፈስሳል። ስለዚህ ክሩን በእጅ ስንስበው በጭንቅ እስኪወጣ ድረስ እናጠብቀዋለን። ዓሣው ከተያዘና ጀልባው አጠገብ ከደረሰ በኋላ ግን በመጨረሻው ዝላይ መንጠቆው እንዳይቀደድበት ጥቂት ማላላት ይገባል።

ሐ) በቂ ክር ይያዝ። መስኪ እንደ ባሕር ዓሣ ብዙ መቶ ሜትር አይሮጥም። 150 ያርድ የ80 ፓውንድ ክር የሚይዝ መጠን ይበቃል። ከዚህ የሚበልጠው ለክንድ ሸክም ነው።

4ኛ፤ ዘንጉ

አሁን ወደ ጠያቂዎቻችን ጥያቄ ደርሰናል። ከላይ የዘረዘርነውን ያነበበ ሰው ዘንጉ ምን መሥራት እንዳለበት ራሱ ሊናገር ይችላል። አንድ ፓውንድ የሚያህል ሕያው ዓሣና እርሳስ መሸከም አለበት። እንዳይደነግጥና እንዳይላቀቅ በለስላሳ ሁኔታ ወደ ውኃ ማሳረፍ አለበት። በመጨረሻም ብዙ ክር በአንድ ጊዜ ጠርጎ መንጠቆውን ወደ ጠንካራ መንጋጋ ማስገባት አለበት።

ስለዚህ ርዝመቱ ከ8 እስከ 9 ጫማ፣ ማለት ከ2 ሜትር ከ40 እስከ 2 ሜትር ከ75 ገደማ ይሁን። ረጅም ዘንግ በአንድ ጥረት ብዙ ክር ይሰበስባል፤ ማባበያውንም ከጀልባው ጎን ያርቃል። ጥንካሬው «ሄቪ» ተብሎ የተጻፈበት ይሁን፤ ጫፉ ግን ደረቅ አይሁን። ጫፉ ደረቅ የሆነ ዘንግ ጀልባው በማዕበል በተነሣ ቁጥር ሰከሩን ይነጥቀዋል፤ መስኪውም ሲነክስ ወዲያው ክብደት ተሰምቶት ይተፋዋል። ጫፉ የሚታዘዝ፣ ወገቡና እግሩ የማይበገር ዘንግ ነው የምንሻው። በሱቅ ውስጥ ይህን ለመለየት አንዱ ጓደኛ ጫፉን ይያዝ፤ ሌላው እጀታውን ወደ ላይ ያንሣ። የላይኛው ሲሶ ብቻ ጎብጦ የቀረው ቀጥ ካለ ይሆናል።

ዘንግን ያለ መያዣ በጀልባ ጠርዝ ላይ አስደግፎ መተው ዘንጉን ለሐይቁ መስጠት ነው። በጀልባው ጎን የሚጠብቅ ዘንግ ማስቀመጫ የግድ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ስለሚያንሰን ተማሪዎች አንድ ምክር እንጨምር። አዲስ ዘንግ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ብቻ ያለው ሰው ዘንጉን ይዋስ። በገንዘቡ ደኅና ክዊክ ስትራይክ፣ ሰፊ መረብ፣ ረጅም ፒንሳና የመንጠቆ መቁረጫ ይግዛ። በተዋሰው ዘንግ ዓሣውን ማጣት ይችላል፤ ያለ ፒንሳና ያለ መቁረጫ ግን ዓሣውን መግደል ይችላል።

ሲነክስ ምን እናድርግ?

መሣሪያው ቢሟላም ቅንብር ከሌለ ሁሉ ከንቱ ነው። እኛ በጀልባ ውስጥ የሥራ ድርሻ ከፋፍለን እንገባለን፤ ክሊከሩ ሲንጫጫም እንደሚከተለው እናደርጋለን።

1. ባለ ዘንጉ «ያዘ!» ይላል። ሌሎቹ ክራቸውን ይሰበስባሉ።
2. ባለ ዘንጉ ዘንጉን አንሥቶ አውራ ጣቱን በመጠቅለያው ላይ በቀስታ እያሳረፈ ክሊከሩን ይዘጋል። ዓሣው ክር ከወሰደ ይስጠው፤ አይሳበው።
3. ቀዛፊው ጀልባውን ወደ ዓሣው ያስጠጋል። ርቀት በጨመረ ቁጥር የምንስበው ኃይል ይቀንሳል።
4. ዓሣው ወደ የት እየሄደ እንደ ሆነ ከክሩ አቅጣጫ ይታወቃል። ባለ ዘንጉ የዘንጉን ጫፍ ወደ ውኃው ዝቅ አድርጎ የላላውን ክር ይጠቀልላል። ክብደቱ ሲሰማው ዓሣው ከሚሄድበት በተቃራኒ አቅጣጫ በሙሉ ኃይሉ ጠርጎ ይስባል።
5. ከዚያ በኋላ ክሩ ለአፍታም አይላላ።

ይህ ሁሉ ከአንድ ሁለት ደቂቃ መብለጥ የለበትም። «ጥቂት ልታገሥ፤ በደንብ ይያዘው» የሚለው ሐሳብ ይመጣል፤ ያ ሐሳብ ነው የመጀመሪያዋን መስኪ የገደለብን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረታችን ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለዚህ ግን አይሠራም። እዚህ የዘገየ ነው የሚያፈስሰው። ፈጥነን ስበን ዓሣው ቢያመልጥ እኛ ከሰርን እንጂ እሱ አልተጎዳም።

አወጣጥና አለቃቀቅ

ዓሣው መረብ ውስጥ ሲገባ መረቡ ከውኃው አይውጣ። ዓሣው እዚያው እየተነፈሰ ይቆይ። መንጠቆው በረጅም ፒንሳ ካልወጣ አይታገሉት፤ ጣቱን በመቁረጫ ይቁረጡት። የመንጠቆ ዋጋ ትንሽ ነው። ለፎቶግራፍ የሚነሣ ከሆነ ሁሉ ነገር ከተዘጋጀ በኋላ፣ ሆዱ ከሥር ተደግፎ፣ አግድም ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ይነሣ። በመንጋጋው ብቻ አንጠልጥሎ ማቆም የውስጥ አካሉን ይጎዳል። በመጨረሻ ጅራቱ አጠገብ ይዘን ቀጥ አድርገን በውኃ ውስጥ እናቆየዋለን፤ ራሱ ታግሎ እስኪሄድ ድረስ አንገፋውም።

ስለ ደንቡ

ደንቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በሚኒሶታ በረዶ ባልያዘ ውኃ አንድ ሰው በአንድ ክር ብቻ ነው የሚያጠምደው። በዊስኮንሲን ግን እስከ ሦስት ይፈቀዳል። ስለዚህ እዚህ ሰከር ያወረደ ሰው መወርወር አይችልም፤ ሥራውን ለሁለት መከፋፈል ነው፤ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ሰከሩን ይጠብቃል። ይህም ጥቅም አለው፤ የተወረወረውን አርቲፊሻል ማባበያ እስከ ጀልባው ተከትሎ የሚመለስ መስኪ ብዙ ነውና እዚያው ጀልባው ሥር ሰከሩን ሲያገኝ ሊነክሰው ይችላል። የዊስኮንሲን ደንብ ደግሞ በመስኪ ወቅት 8 ኢንችና ከዚያ በላይ በሆነ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ክዊክ ስትራይክ ወይም ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረና ያልተጣመመ ክብ መንጠቆ እንዲጠቀም ያዛል። እኛ ያጠፋነው ጥፋት እዚያ ሕግ መጣስ ነው ማለት ነው።

የተረፈ ሰከር በምንም ምክንያት ወደ ሐይቅ አይለቀቅ፤ ከሌላ ግዛትም ተጭኖ አይምጣ። በሽታና ባዕድ ፍጥረት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ጭምር ነውና። ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ወቅቱና ስለ ርዝመቱ ገደብ ግዛቱ የሚያወጣውን የዓመቱን የደንብ መጽሐፍ ሳያነብ ማንም ወደ ውኃ አይውረድ።

ማጠቃለያ

ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ዘዴ አራት ጊዜ ተነከሰልን። ሁለቱ አመለጡ። አንዱን ስንስብ ሰከሩ ብቻ የጥርስ ምልክት ይዞ ተመለሰ። አራተኛዋ 41 ኢንች ነበረች፤ መንጠቆው በአፏ ጥግ ላይ ይታይ ነበር። መረቡ ውስጥ እንዳለች ሁለት ጣት ቆርጠን አወጣነው። ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲዘጋጅ የነበረው ጓደኛችን ጓንቱን ሳያወልቅ ሄደች። በማግሥቱ ዳሩን ዞረን ተመለከትን፤ በዚያው ሳምንት ደግመን ሄድን። አላገኘናትም።

ዘንግ ለመግዛት ያሰባችሁ ጓደኞቻችን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ አብራችሁን ውጡ። የኛን ዘንግ እናውሳችኋለን። መንጠቆውን በሰከር ላይ የማሰናዳቱን ሥራ በቤት ውስጥ በካሮት ላይ ለመለማመድ የሚፈልግ ቢኖር ዘወትር ዓርብ ማታ ክፍላችን ክፍት ነው፤ ካሮቱን ግን ይዞ ይምጣ። በጽሑፋችን ስሕተት ያገኘ፣ ወይም ከኛ የተሻለ ዘዴ የሚያውቅ አንባቢም ጽፎ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ቢልክልን ደስ ይለናል።